እናት ወይም አባት ሽንት ሲያመልጣቸው፦ የቤቱን ሽታ ከምንጩ የማጥፊያ ዝርዝር መመሪያ

አንሶላው በየቀኑ ይታጠባል። ወለሉ በበረኪና ይወለወላል። ጠዋትና ማታ ዕጣን ይጨሳል። ክፍሉ ግን ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ሽንት ሽንት ይላል። አረጋዊ ወላጅ በቤት የሚያስታምሙ ብዙዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ስንፍና አይደለም። ብዙውን ጊዜ የተበላሸው የሥራው ቅደም ተከተል ነው።

አንድ ነገር ከገባችሁ ሌላው ይቀላል። አሁን የወጣ ሽንት ብዙም አይሸትም። አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ የሚመጣው ባክቴሪያዎች ሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ሰባብረው ወደ አሞንያ ሲቀይሩት ነው። ለዚህ ደግሞ ሰዓታት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ሥራችሁ ሁለት ነው፦ አዲሱን ሽንት አሞንያ ሳይሆን ማንሳት፣ የቆየውን ደግሞ እስከ ገባበት ድረስ ተከትሎ ማውጣት። ሽቶም ሆነ ዕጣን ከሁለቱ አንዱንም አይሠራም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሦስት ክልክሎች

1. በረኪና ሽንት ላይ አታፍስሱ። በረኪና ከአሞንያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ደረት ያፍናል። አልጋ ላይ የተኙት አረጋዊ ተነስተው መሸሽ አይችሉም። በረኪና መጠቀም ካለባችሁ ሽንቱ በውሃና በሳሙና ሙሉ በሙሉ ከታጠበ በኋላ፣ ለብቻው፣ መስኮት ተከፍቶ ብቻ ነው።

2. በረኪናና አቼቶ አታገናኙ። ይኼኛው ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። አንድ ባልዲ ለሁለቱም አትጠቀሙ። ድንገት ከተቀላቀለባችሁ ለማጽዳት አትሞክሩ። ወላጃችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ጋዙ እስኪወጣ አትመለሱ። ሳሉ ወይም የደረት መጨነቁ ካልለቀቀ ጤና ተቋም ሂዱ።

3. ሽታው ሳይለቅ ፍል ውሃ፣ ካውያ ወይም የማድረቂያ ማሽን አታስነኩ። ሙቀት እድፉንና ሽታውን ጨርቁ ውስጥ ያጸናዋል። መጀመሪያ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አብዛኛው ከሱቅና ከፋርማሲ ይገኛል። ነጭ አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ የዱቄት ሳሙና፣ ለስለስ ያለ የገላ ሳሙና፣ ላርጎ፣ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት፣ ጓንት። ከፋርማሲ ደግሞ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ።

ሁለት ክዳን ያላቸው ባልዲዎች ያዙ። አንዱ ለእርጥብ ልብስ፣ ሌላው ለሚጣል። ክዳን የሌለው ባልዲ ችግሩን ከአልጋ ወደ ጥግ ማዛወር ነው። አሮጌ ፎጣዎችና አሮጌ አንሶላዎችን አትጣሉ፤ በጣም ትፈልጓቸዋላችሁ።

ውጭ አገር የምትኖሩ ኢንዛይም ያለበት የሽንት ማጽጃ ብዙ ጊዜ የቤት እንስሳት ዕቃ በሚሸጥበት መደብር ታገኛላችሁ። ለፍራሽና ለምንጣፍ ከአቼቶ ይሻላል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያህል ጊዜ ሳይደርቅ ይቆይ። ኢንዛይም ጊዜ ይፈልጋል፤ ረጭቶ ወዲያው መጥረግ ብር መጣል ነው።

ደረጃ 1፦ ምንጩን ፈልጉ

ቤት ውስጥ የሚውል ሰው አፍንጫው ይለምዳል። «እኔ አልሸተተኝም» ማለት ሽታ የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ ፍለጋውን ከውጭ ቆይታችሁ ስትመለሱ፣ ወዲያው እንደገባችሁ አድርጉት። ወይም ይሉኝታ የሌለው ዘመድ ጥሩና በግልጽ ጠይቁ።

ጎንበስ ብላችሁ እየተጠጋችሁ አሽትቱ። አንሶላው ንጹሕ ሆኖ ክፍሉ የሚሸት ከሆነ ምንጩ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው፦

- ጋቢው። በጣም የሚረሳው ይኼ ነው። አራት እጥፍ ስለሆነ ጠርዙ ርሶ መሃሉ ደረቅ ይመስላል። ተለብሶ ሲሞቅ ሽታው ይነሳል።
- የሚቀመጡበት ወንበር ትራስና የሶፋው ስፖንጅ።
- ስሊፐርና ጫማ። ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ መንገድ ላይ የሚያመልጠው እግር ላይ ነው የሚወርደው።
- የፕላስቲክ ምንጣፍ ሥር። ሽንቱ በጠርዙ ገብቶ ከሥር ይተኛል። ከላይ ሺህ ጊዜ ብትወለውሉ አይገኝም።
- የእንጨት አልጋ ርብራብና መጋጠሚያ።
- ከፍራሽ ሥር የተሸጎጠ እርጥብ የውስጥ ልብስ።

ለመጨረሻው አትቆጡ። የሚደብቁት አፍረው ነው። ከተቆጣችሁ የተሻለ መደበቂያ ይፈልጋሉ። ክዳን ያለውን ባልዲ ከአልጋቸው አጠገብ አስቀምጡና «እማዬ፣ እርጥብ ልብስ ሲኖር እዚህ ጣል ያድርጉት፤ እኔ ሳላይ አጥበዋለሁ» በሏቸው። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ደጋግማችሁ አታንሱ።

የማይገኝ ቦታ ካለ አንድ ዘዴ አለ። ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ሐምራዊ መብራት አለ አይደል? በጨለማ ስታበሩት የደረቀ ሽንት ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ሳሙናና ሌላ እድፍም ሊያበራ ስለሚችል በአፍንጫ አረጋግጡ። ያገኛችሁትን ቦታ በጠመኔ ወይም በፕላስተር ምልክት አድርጉ።

ደረጃ 2፦ አልጋውን እንደገና አንጥፉ

ፍራሹ ካሁን ቀደም ከረጠበ መጀመሪያ ደረጃ 6ን ሥሩ። የሚሸት ፍራሽ በላስቲክ መሸፈን ሽታውን ማቆያ ነው።

ከታች ወደ ላይ እንዲህ ይነጠፋል፦

1. ፍራሹን ዙሪያውን በውሃ በማያስገባ ልብስ ሸፍኑ። ካላገኛችሁ ሙሻማ ወይም ወፍራም ላስቲክ። ጎንና ጎኑ ከፍራሹ ሥር ይታጠፍ።
2. የመጀመሪያ አንሶላ።
3. በወገብ አካባቢ ሌላ የሙሻማ ቁራጭ፣ በሁለት በኩል የሚታጠፍ ትርፍ ያለው።
4. በላዩ ከአሮጌ አንሶላ የተሠራ ድርብ ጨርቅ።

ሌሊት ሲያመልጣቸው ተራ ቁጥር 3ና 4ን ብቻ ትስባላችሁ። ከሥሩ ደረቅ አንሶላ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አልጋ ከማፍረስ ይገላግላል።

ላስቲኩ በቀጥታ ገላቸውን አይንካ። ያልባል፣ ቆዳ ያቆስላል። ጨርቁም ሳይጨማደድ ይወጠር። የአልጋ ሰው ቆዳ ላይ አንድ እጥፋት ብዙ ጉዳት ያደርሳል።

ወለሉ ላይ ያለውን የክር ምንጣፍ ከዚህ ክፍል አውጡ። ለእግራቸው ብርድ ከሰጋችሁ የማያንሸራትት፣ በቀላሉ የሚታጠብ ትንሽ ምንጣፍ ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ሰዓት ያዙ

ከሁሉ ርካሹ የሽታ መድኃኒት ሽንቱ ልብስ ላይ ሳይፈስ መቀበል ነው።

1. ለሦስት ቀን ያመለጣቸውን ሰዓትና የጠጡትን ጻፉ። የደብተር ገጽ ይበቃል።
2. ከዚያ ከሚያመልጣቸው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ወደ መጸዳጃ ውሰዷቸው። የሚያመልጣቸው ሰዓት ካልታወቀ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ ከእንቅልፍ ሲነቁ፣ ከምግብ በኋላና ከመተኛታቸው በፊት።
3. «ሽንትዎ መጣ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «የለም» ይላሉ። «አባዬ፣ ሳይበርድ አንዴ ሄድ እንበል» በሏቸው።
4. መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ርቆ ከሆነ ፖፖ ወይም ቀዳዳ መቀመጫ ያለው የፖፖ ወንበር ከአልጋ አጠገብ አድርጉ። ለአባት ሰፊ አፍ ያለው ክዳናማ የሽንት መቀበያ ይሻላል። ወዲያው ይደፋ፣ ይለቅለቅ። ፖፖው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ከተጋገረ አቼቶ ሞልታችሁ አሳድሩት፤ ሽታው ያለው እሱ ውስጥ ነው።
5. ቀበቶና ብዙ ቁልፍ ያለው ሱሪ ይቅር። ላስቲክ ወገብ ያለው ይሁን። ሌሊት መንገዱ ላይ መብራት ይኑር።

ስለ መጠጥ አንድ ስህተት በየቤቱ አለ፦ «ውሃ ካልጠጡ ሽንት አይኖርም» ብሎ መከልከል። ውሃ ያልጠጣ ሰው ሽንቱ ይወፍራል፣ ሽታው ይብሳል፣ ፊኛውን ይቆጠቁጣል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል። የልብ ወይም የኩላሊት ሐኪም ካልገደበ በቀር ቀን ላይ ደህና አድርገው ይጠጡ። መቀነስ ያለበት ከመተኛት በፊት ያለው ሁለት ሦስት ሰዓት ነው። ቡናና ሻይ ፊኛን ስለሚያነቃቁ ከ10 ሰዓት በኋላ ይቅሩ። ሦስተኛዋን ቡና መንፈግ ከብዙ እናቶች ጋር እንደሚያጣላ አውቃለሁ፤ ሰዓቱን ቀደም ማድረግ ግን ይቻላል።

አብሽ የሚጠጡ ከሆነም ልብ በሉ። አብሽ ሽንትንም ላብንም የራሱን ጣፋጭ ሽታ ይሰጠዋል። ስታቆሙት ከጠፋ ምክንያቱ እሱ ነበር።

እግራቸው የሚያብጥ ከሆነ ከሰዓት በኋላ እግራቸውን ከፍ አድርገው ይረፉ። እግር ላይ የተጠራቀመው ፈሳሽ ሌሊት ሲተኙ ሽንት ሆኖ እንዳይመጣ ይረዳል። ሽንት የሚያስወጣ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ሰዓቱን ወደ ጠዋት ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሐኪማቸውን ጠይቁ። በራሳችሁ አትቀይሩ፣ አታቋርጡ።

ደረጃ 4፦ ገላን ማጠብና ዳይፐር መቀየር

የሚቻል ከሆነ እናትን ሴት፣ አባትን ወንድ ይጠብ። የማይቻልበት ቤት ብዙ ነው። ያኔ ፎጣ ከላይ ጣል አድርጋችሁ ከሥር ማጠብ ይቻላል። በር ዝጉ፣ ልጆችን አስወጡ፣ የምታደርጉትን ቀድማችሁ ንገሯቸው።

1. ሁሉንም ዕቃ አቅርቡ፦ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ፣ ሁለት ጨርቅ፣ ፎጣ፣ አዲስ ዳይፐር፣ ቅባት፣ ክዳናማው ባልዲ። መሃል ላይ ትታችሁ አትሂዱ።
2. ጓንት አድርጉ። ወደ እናንተ ጎን አዙሯቸው። የቆሸሸውን ወደ ውስጥ ጠቅልላችሁ ከሥራቸው ግፉት።
3. ከፊት ወደ ኋላ እጠቡ። በተለይ ለእናቶች ይህ ግዴታ ነው፤ የተገላቢጦሹ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያመጣል። ጨርቁን ገልብጡ ወይም ቀይሩ እንጂ በዚያው ደጋግማችሁ አትጥረጉ።
4. ሳሙናውን አለቅልቁ። ዴቶልና የመሳሰሉት ለዕለት ገላ ማጠቢያ አይሆኑም፤ የአረጋዊ ቆዳ ስስ ነው።
5. በፎጣ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ አድርቁ። አትፈትጉ። የጭንና የሆድ እጥፋቱን አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ «ገላቸው ታጥቧል፣ ግን ይሸታል» የሚባለው እዚያ የቀረ እርጥበት ነው።
6. ቅባቱን በስሱ። ቫዝሊን ከበዛ ዳይፐሩ ላይ ተለጥፎ ሽንት እንዳይመጥ ያደርገዋል። ፓውደር አትነስንሱ፤ ሲረጥብ ይጓጉልና ይፈትጋል።
7. አዲሱን ዳይፐር ጠቅልላችሁ አስገቡ፣ ወደ ሌላው ጎን አዙሯቸው፣ ዘርጉ። የጭኑ ሽብሽብ ወደ ውስጥ ከታጠፈ በዚያ በኩል ያፈስሳል፤ በጣታችሁ አውጡት።

የሚያፈስስ ዳይፐር ብዙ ጊዜ ሰፊ ዳይፐር ነው። «ትልቁ ብዙ ይይዛል» ብላችሁ አትግዙ። በወገብና በዳሌ ልክ ይሁን። ሁለት ዳይፐር ደርቦ ማልበስም ጥቅም የለውም። የውስጠኛው ጀርባ ፕላስቲክ ስለሆነ ወደ ሁለተኛው አያሳልፍም፤ ትርፉ ሙቀት ነው።

ዳይፐር ውድ ነው፤ ለመቆጠብ ሲባል ግን የረጠበውን ቀኑን ሙሉ ማቆየት ቆዳን ያቆስላል። የሚሻለው ቀን ላይ ሰዓት እየያዙ በጨርቅ መዋል፣ ዳይፐሩን ለሌሊትና ለመንገድ ማዋል ነው። ሰገራ ካለ ግን ደቂቃም አይቆይ።

ደረጃ 5፦ አንሶላ፣ ልብስና ጋቢ ማጠብ

1. ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁና ጭመቁ። ሰገራ ካለ መጀመሪያ ወደ መጸዳጃ ይራገፍ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሙሉ እጥበቱን ማቆየት ትችላላችሁ፤ ይህችን ማለቅለቅ ግን አታቆዩ። ከአንድ ጀሪካን ትንሹ ይበቃታል። ሳይለቀለቅ ባልዲ ውስጥ ያደረ አንሶላ ነው አሞንያ የሚሆነው።
2. በ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አንድ ብርጭቆ አቼቶ ጨምራችሁ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ዘፍዝፉ። አቼቶ አሲድ ስለሆነ አሞንያውን ያከሽፈዋል።
3. አለቅልቁ።
4. በዱቄት ሳሙና እጠቡ። አሁን ሙቅ ውሃ መጠቀም ይቻላል፤ ሽንቱ ወጥቷል።
5. አረፋው እስኪጠፋ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። የቀረ ሳሙና ሽታ ይይዛል። ማለስለሻ አትጨምሩ፤ ጨርቁ እርጥበት መምጠጥ ያቆማል።
6. ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ አስጡ። በገመድ ላይ ተደራርቦ የዋለ ጨርቅ መሃሉ አይደርቅም።
7. ከማስጣታችሁ በፊት እርጥቡን አሽትቱ። እርጥብ ሆኖ ከሸተተ ደርቆም ይሸታል። ወደ ተራ ቁጥር 2 ተመለሱ።

አቼቶና ቤኪንግ ሶዳን ባንድ ጊዜ አትቀላቅሉ። አረፋው ያምራል፤ ግን አንዱ ሌላውን አክሽፎት የሚቀራችሁ ጨዋማ ውሃ ነው።

ጋቢ ብቻውን ይታጠብ። ከአንሶላ ጋር ባንድ ሳፋ ከተጨናነቀ ውሃው መሃሉ አይደርስም። ለሁለት ሰው ሆናችሁ ጭመቁ። ክረምት ላይ ሳይደርቅ ሻጋታ ስለሚቀድም በሐምሌና በነሐሴ በጋቢው ፋንታ ስስ ብርድ ልብስ ስጧቸው፤ ቶሎ ይደርቃል። ቤት ውስጥ ማስጣት ግድ ከሆነ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ አይሁን። እርጥበትን ለማድረቅ ብላችሁ በተዘጋ ክፍል ከሰል አታንድዱ። ሽታ የሌለው ጭስ ሰው ይገድላል።

ደረጃ 6፦ ፍራሹን ማዳን

ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ነው። ፍራሹ ላይ የምታዩት እድፍ ከላይ ጠባብ ነው፤ ሽንቱ ግን ወደ ታች ሲሄድ ይሰፋል። ላዩን ብቻ የሚያጥብ ሰው የሚሸነፈው ለዚህ ነው።

ለአዲስ ሽንት፦

1. ደረቅ ፎጣ አንጥፋችሁ በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑ። ፎጣ እየቀያየራችሁ እርጥበት እስኪያልቅ ድገሙ። አትፈትጉ፤ መፈተግ ወደ ውስጥ ይሰደዋል።
2. አንድ እጅ አቼቶ ለሦስት እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ቀላቅሉ። ከእድፉ አንድ መዳፍ ያህል ሰፋ አድርጋችሁ፣ ሽንቱ የደረሰበት ጥልቀት እንዲደርስ አጠጡት።
3. 15 ደቂቃ ጠብቁ። እንደገና በፎጣ ተጫኑ።
4. ትንሽ ንጹሕ ውሃ አፍስሳችሁ እንደገና ምጠጡ።
5. ፍራሹን በጎኑ አቁሙት። ነፋስና ፀሐይ ያግኝ። ስፖንጅ ፍራሽን ግን ቀናት ሙሉ ፀሐይ ላይ አትተዉት፤ ይሰባበራል። እያገላበጣችሁ አድርቁ።
6. ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳችሁ አሳድሩ። ጠዋት ጥረጉት።

ለቆየ ሽንት፣ ከላይ ያለውን ጨርሳችሁ ሲደርቅ ይህን ጨምሩ፦ አንድ ብርጭቆ ፐርኦክሳይድ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሁለት ጠብታ ላርጎ። ጓንት አድርጋችሁ ቀላቅሉና ወዲያው አፍስሱት። እስኪደርቅ ተዉት፣ ነጩን ዱቄት ጥረጉ። ቀለም ስለሚያነጣ መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞክሩ። የተረፈውን ጠርሙስ ውስጥ ከድናችሁ አታስቀምጡ፤ ጋዝ እየፈጠረ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። አቼቶ ገና እርጥብ ከሆነበት ቦታ ላይም አታፍስሱት፤ ሁለቱ ተገናኝተው የሚያቃጥል አሲድ ይወጣል።

የጥጥ ፍራሽ ውስጡ ከራሰ ማጠብ አያድነውም። ልብሱን ፈትታችሁ፣ የበሰበሰውን ጥጥ አውጥታችሁ፣ ቀሪውን ፀሐይ ላይ ፈልቅቃችሁ አድርቁና እንደገና አሰፉት። ስፖንጁ ደግሞ ሁለት ዙር ተሠርቶለት ሲተኙበትና ሲሞቅ ከሸተተ ልፋታችሁን አቁሙ። ቀጭንም ቢሆን አዲስ ስፖንጅ ገዝታችሁ ከመጀመሪያው ቀን ሸፍኑት።

ደረጃ 7፦ ወለል፣ ግድግዳና ወንበር

ሴራሚክ ቀላል ነው፤ በሳሙና ውሃ፣ ከዚያ በአቼቶ ውሃ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ። መጋጠሚያውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉ።

ሊሾ ወለል የጠጣውን ይይዛል። የአቼቶውን ውሃ አፍስሳችሁ ጥቂት ቆይታችሁ ጥረጉ፤ ደጋግማችሁ በውሃ አጥቡ። አቼቶ ሲሚንቶን ስለሚበላ አታሳድሩበት። ጣውላ ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ በተጨመቀ ጨርቅ ወልውሉ። የፕላስቲክ ምንጣፉን ገልጡ፣ ሁለቱንም ፊት እጠቡ፣ ከሥሩ ያለው ወለል ደርቆ ሳያልቅ አትመልሱት።

የአልጋውን ጎን፣ ግድግዳውንና የወንበሩን እግር በአቼቶ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ። ቀኑን የሚውሉበት ወንበር ላይ ሙሻማ፣ በላዩ ፎጣ። ፎጣው ሲረጥብ ይቀየራል።

ደረጃ 8፦ ያገለገለ ዳይፐር

ሰገራውን ወደ መጸዳጃ አራግፉ። ዳይፐሩን ጠቅልላችሁ በራሱ ፕላስተር አጣብቁት፣ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ሌላ ፌስታል ጨምሩበት። መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ግን አትጣሉት፤ አይበሰብስም፣ ሲመጠጥም ቱቦ ይዘጋል። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ እስኪመጡ ቀናት ስለሚያልፉ ባልዲው ከቤት ውጭ፣ ጥላ ላይ፣ ውሻ በማይደርስበት ይቀመጥ። ሽንት ያለበት ነገር ላይ አመድ አትነስንሱ። አመድ ለጉድጓድ ሰገራ ይጠቅማል እንጂ ከሽንት ጋር ሲገናኝ አሞንያውን ያስነሳዋል።

ሁሉንም ሠርታችሁ ሽታው ካልሄደ

*ጠዋት የለም፣ ከሰዓት ይመጣል።* ሙቀት የሚያስነሳው የቆየ ሽንት አለ። ፍራሽ፣ ሶፋ ወይም ምንጣፍ ሥር። ወደ ደረጃ 1።

*ሽታው ከእሳቸው ጋር ይንቀሳቀሳል።* ልብስ፣ ጫማ፣ የጭን እጥፋት ወይም ሳይቀየር የቆየ ዳይፐር።

*እጥበት እምቢ ይላሉ።* አትታገሉ። ብርዱን ፈርተው ይሆናል፤ ክፍሉን አሙቁ፣ በቁራጭ ቁራጭ እጠቡ። አንዳንዴ ከልጅ ይልቅ የእህት ወይም የጎረቤት ቃል ይሰማል። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ መሰናዳት ደግሞ ብዙዎች እሺ የሚሉበት ምክንያት ነው።

*የበሰበሰ ነገር ዓይነት ሽታ።* ይህ ሽንት ላይሆን ይችላል። ጀርባ፣ ዳሌና ተረከዝ ላይ የአልጋ ቁስል ፈልጉ። በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት የማይነጣ መቅላት የቁስሉ መጀመሪያ ነው። ጎናቸውን ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ቀያይሩ፣ ነርስ ወይም ሐኪም ይየው።

*እንግዳ እየመጣ ነው።* ባልዲውን አውጡ፣ የወንበሩን ፎጣ ቀይሩ፣ መስኮትና በር ባንድ ጊዜ ክፈቱና ንፋስ ይሻገር። ዕጣኑ ከዚያ በኋላ ይምጣ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስም ያለባቸውን አረጋዊ በጭስ አታፍኑ።

ሐኪም ጋ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ሽንት ማምለጥ እርጅና ስለሆነ ብቻ ዝም የሚባል ነገር አይደለም። ብዙ ምክንያቶቹ ይታከማሉ።

- ሽታው ድንገት ከተቀየረ፣ ሽንቱ ከደፈረሰ ወይም ደም ካለበት፣ ሲሸኑ ካቃጠላቸው፣ ካተኮሳቸው ወይም በድንገት መዘባረቅ ከጀመሩ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። አረጋውያን ላይ ትኩሳት ሳይኖር መዘባረቁ ብቻውን ሊመጣ ይችላል። በዚያው ቀን ውሰዷቸው።
- ብዙ የሚጠጡ፣ ብዙ የሚሸኑና የሚከሱ ከሆነ ስኳር ይለካ።
- አባት ለመሽናት እያማጡ ጠብ ጠብ ብቻ የሚላቸው ከሆነ ፕሮስቴት ይታይ። ጨርሶ እምቢ ካላቸውና ሆዳቸው ከተነፋ ድንገተኛ ነው።
- ቀናት ሙሉ ደርቋቸው ቆይቶ ቀጭን ሰገራ የሚያመልጣቸው ከሆነ ተቅማጥ ነው ብላችሁ ማቆሚያ አትስጡ። ቀጭኑ በደረቀው ሰገራ ጎን እያለፈ ሊሆን ይችላል። ይኼው ድርቀት ፊኛንም ይጫናል።
- እናት ከድሮ ወሊድ ጀምሮ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈስሳቸው ከሆነ ፊስቱላ (በአስቸጋሪ ወሊድ ምክንያት በፊኛና በማህፀን በር መንገድ መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ) ሊሆን ይችላል። ዕድሜ ልክ አፍረው የደበቁት እናቶች አሉ። በ1974 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል በነጻ ያክማል፤ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱም ማዕከላት አሉት።
- ካቴተር (ፊኛ ውስጥ የሚገባ የሽንት ማውጫ ቱቦ) ካላቸው የሽንቱ ከረጢት ሁልጊዜ ከፊኛ በታች ይንጠልጠል፣ ወለል አይንካ፣ ሳይሞላ ይደፋ። ለሰዓታት ምንም ካልወረደ ቱቦው እንዳልታጠፈ እዩና ወዲያው ጤና ተቋም ደውሉ ወይም ሂዱ።

ስትሄዱ የሦስት ቀኑን ደብተር፣ የሚወስዷቸውን ኪኒኖች በሙሉ ከነማሸጊያቸው፣ ቅያሪ ልብስና ሁለት ፌስታል ያዙ። ሐኪሙ ሲጠይቅ መጀመሪያ እሳቸው ይመልሱ፤ የቀረውን እናንተ ጨምሩ።